ጣቶቿን ሰላም የምትል ሴት

ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ቤት ጓንት አድርጌ ሄድኩ።

በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ የሠራኋቸው ጅልነቶች ተሰብስበው ወረፋ ቢይዙ ይኸኛው ከፊት ከሚቆሙት አንዱ ነው። እንዲህ ሆነ። ጁባ ውስጥ ሃይ ማላካል ሰፈር ባለችው የጥርስ ክሊኒካችን አንዲት ሴትዮ ወንበሩ ላይ አጋድሜ፣ እጄን ታጥቤ፣ አዲስ ጓንት አጥልቄ «አፍሽን ክፈቺ» አልኳት። ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ቀኝ ጆሮዬ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷልና የግራ ጓንቴን አውልቄ ስልኩን ወደ ግራ ጆሮዬ አስጠጋሁ። የሰማሁት ሁለት ቃል ነው። «ኛማል አረፈች።»

ሴትዮዋን አፏን እንደከፈተች ትቻት ወጣሁ። ባልደረባዬ ገብቶ ሥራውን ሲጨርስላት «ሽማግሌው አፌ ውስጥ ምን አይቶ ነው እንዲህ የሸሸው?» ብላ ጠየቀችው አሉ። እኔ ግን ያኔ ቦዳቦዳ በሚሉት የሞተር ታክሲ ላይ ነበርኩ። ለቅሶው እስካለበት አትላባራ ሰፈር ድረስ ሾፌሩ በመስታወቱ ደጋግሞ ያየኛል። እንባዬን አይቶ አዝኖልኛል ብዬ በልቤ መረቅኩት።

ለቅሶ ቤቱ ከማንጎ ዛፍ ሥር ሸራ ተወጥሮለታል። ወንዶቹ በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረዋል። እንደ አገሩ ወግ ከጫፍ ጀምሬ ጎንበስ እያልኩ ጨበጥኩ። አንዱን ጨበጥኩ፣ ሁለተኛውን ጨበጥኩ፣ አሥራ ምናምን ሰው ጨበጥኩ። ማንም ምንም አላለኝም። በመጨረሻ የኛማል አባት ዘንድ ደረስኩ። ረጅም የኑዌር ሽማግሌ ናቸው፤ ግንባራቸው ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስድስት መስመር ተሰምሯል። እጄን ያዙና አልለቅ አሉኝ። ወደ ታች አዩ። እኔም አየሁ። ቀኝ እጄ ላይ ሰማያዊ ጓንት አለ።

ሽማግሌው ያኔ ምን እንዳሉኝ እነግራችኋለሁ። ግን መጀመሪያ ልጃቸው ማን እንደነበረች ካላወቃችሁ የጥፋቴን ልክ አታውቁትም።

ኛማል በማዕረግ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበረች። ሥራውን ላየ ግን የቤቱ አዛዥ ነበረች። በልጅነቷ ከጦርነት ሸሽታ ጋምቤላ ካምፕ ውስጥ አደገች፤ እዚያው ኢትዮጵያ ነርስነት ተማረች፤ አገሯ ነጻ አገር ሆነ ሲባል ተመለሰች። አማርኛዋ አንድም ቦታ አይሰናከልም። «አንተ» ስትለኝ ሰላም ነው። «እርስዎ» ካለችኝ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ ማለት ነው። ከእሷ ጋር በሠራሁባቸው ዓመታት ከማንም ሰው በላይ የተከበርኩት በእሷ አፍ ነው ብዬ ሳወራ ሰዎች ይቀኑብኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።

ጁባ ስመጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጥርስ ስነቅል የኖርኩ ሰው ነበርኩ። እኔ ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ጓንት የሚባል ነገር ለትልቅ ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው የሚወጣው። እኛ በባዶ እጅ እንገባለን፣ በባዶ እጅ እንወጣለን፣ በዚያው እጅ ዳቦ እንቆርሳለን። ስለዚህ ጓንት ለእኔ የፈሪ ልብስ ነበር። ካደረግሁት አይቀር ደግሞ ይቆጠብ ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ቀን አንድ ታካሚ ጨርሼ ጓንቴን ሳላወልቅ ሲንኩ ላይ በሳሙና አጠብኩትና «የሚቀጥለው!» ብዬ ተጣራሁ።

ኛማል በሩ ላይ ቆመች። ቁመቷ በሩን ይሞላዋል። ለሚገባው ሰውዬ «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ትንሽ ይቆዩ» አለችውና ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ የሚያጥቡት ጓንቱን ነው ወይስ እጅዎን?»

«ምን ልዩነት አለው? ይኸው አብረቀረቀ።»

«ካልሲዎንም እግርዎ ላይ እንዳለ ነው የሚያጥቡት?»

«እኔ ካልሲ አላጥብም» አልኳት፣ ለማሳቅ።

«አውቃለሁ» አለች ሳትስቅ። «ጠዋት ጫማ ሲቀይሩ እዚህ ነበርኩ።»

ከዚያ ጓንቴን ራሷ አስወለቀችኝ። በእጅ አንጓው በኩል ቆንጥጣ ገለበጠችው፤ የውጩ ወደ ውስጥ ገባ። ሁለተኛውን በመጀመሪያው ሆድ ውስጥ ጠቅልላ፣ ቆሻሻው ማንንም ሳይነካ፣ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። «ጓንት የአንድ ሰው ነው» አለችኝ። «ከዚያ ሰው ጋር ይወለዳል፣ ከዚያ ሰው ጋር ይሞታል። ሲያጥቡት ዓይንዎ የማያየው ቀዳዳ ይከፈታል። አሁን ደግሞ እጅዎን ይታጠቡ።»

«ጓንት ውስጥ የነበረ እጅ ምን ነክቶ ነው የሚታጠበው?»

«ጓንት ውስጥ እጅ ያልባል። ላቡ ውስጥ ምን እንደሚራባ ልንገርዎት? ወይስ ምሳዎን ሊበሉ ነው?»

ታጠብኩ። እንዴት እንደታጠብኩ ስታይ ግን ጭራሽ ተስፋ ቆረጠች። «ጲላጦስም ከእርስዎ የተሻለ ታጥቧል» አለችኝ።

እዚህ ላይ ነው ሰላምታዋን ያስተማረችኝ። ይህን ሌላ ቦታ አላየሁም፤ ከማንም የሰማችው ሳይሆን ራሷ የፈጠረችው ነው። ሌሎቹ ሠራተኞች ሲታጠቡ ሰከንድ ይቆጥሩ ነበር፤ ወረፋ ሲበዛ ቁጥሩም አብሮ ይሮጣል። እሷ ግን አትቆጥርም።

«እዚህ አገር ሰው ስታገኝ ምን ትላለህ?» አለችኝ፤ ወደ «አንተ» ተመልሳለች። «ኢታ ኬፍ? ብለህ ትሮጣለህ? አትሮጥም። እሱን ትጠይቀዋለህ። ቤቱን ትጠይቀዋለህ። ልጆቹን፣ ከብቱን ትጠይቀዋለህ። እንግዲህ ጣቶችህም ሰው ናቸው።»

መዳፍ ከመዳፍ አሸች፣ የእጇን ጀርባ አሸች፣ ጣት በጣት መሃል አስገባች። ከዚያ ከትንሿ ጣት ጀምራ እያንዳንዷን ጠቅልላ እየዞረች «ኢታ ኬፍ? ኩወይስ? ናስ በይት ኬፍ?» ትላለች፣ እንዴት ነህ፣ ደህና ነህ፣ ቤተሰብህስ እንደማለት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በእርግጥ መልስ እንደምትጠብቅ ሆና። በመጨረሻ አውራ ጣቷን በሌላው መዳፍ ጨብጣ አሽከረከረችው።

«አውራ ጣት ሽማግሌው ነው» አለች። «ሁሉም ሰው ዘሎት የሚያልፈው እሱን ነው። ሽማግሌውን ሳትጠይቅ ካለፍክ ሰላምታህ ሁሉ ቀረ።»

ውሃው በቦቴ የሚመጣ፣ አንዳንዴም በጀሪካን የምንለምነው ውሃ ነው። እሷ ግን ቀጭን አድርጋ እየከፈተች ሰላምታዋን አታሳጥርም። ስትጨርስ በወረቀት ታደርቃለች፤ እርጥብ እጅ ጓንት ውስጥ አይገባም ባይ ነች። ከዚያ ጓንቱን ከማጥለቋ በፊት ባዶ እጇን ለታካሚው ታሳያለች። ፊቱን፣ ከዚያ ጀርባውን። «አየህ?» ትላለች። ሰውዬው ራሱን ሲነቀንቅ ነው ጓንቱ የሚጠልቀው። አንድ ጊዜ አንድ የቀድሞ ወታደር እጇን ስታነሳ ቢያይ የራሱንም ከፍ አድርጎ አነሳ። ሁለቱም እጃቸውን እንደሰቀሉ ተያዩና ሳቁ፤ ሰውዬው ያን ቀን ሦስት ጥርስ ሳይሰማው ተነቀለለት።

ጥፍሬን በየሰኞው ታየዋለች። የጋብቻ ቀለበቴን አስወልቃኝ፣ ሚስቴ አዲስ አበባ ሆና ሰምታ ለሁለት ሳምንት አኩርፋኛለች። ጓንት ያጠለቀ እጄን ኪሴ ከትቼ ስልክ ማውጣቴን አልተው ስላት ደግሞ የጋውኔን ኪስ በፕላስተር አሸገችው። ሙሉ ቀን ኪሴን እየዳበስኩ ስዞር «ጋሼ፣ የሸሸ ኪስ ነው የሚፈልጉት?» ትለኛለች።

የሙያዋን ዋጋ የከፈለችው በቆዳዋ ነው። ረጃጅም ጣቶች ነበሯት፤ አንጓቸው ላይ ቆዳው ከመታጠብ ብዛት ይሰነጠቃል። ማታ ስትወጣ ከትንሽ ጠርሙስ ሉሉ ከሚባለው የዛፍ ፍሬ የተጨመቀ ዘይት አውጥታ ትቀባለች። «የተሰነጠቀ ቆዳ ሳይዘጋ ያደረ በር ነው» ትል ነበር።

ስትስቅ ደግሞ አፏን አትሸፍንም። ከታች የፊት ጥርሶቿ የሉም፤ በሕፃንነት እንደ ወጉ የወጡ ናቸው። የጥርስ ክሊኒክ ሠራተኛ ሆና በዚያ ክፍተት ስትስቅ እንግዳ ሰው ግራ ይገባዋል። እኔም አንድ ቀን «ልሥራልሽና ልሙላው» አልኳት። «የቱን? ይሄን?» አለች በምላሷ እየነካች። «ይሄ የእኔ ነው። የሚጎድለኝን ስፈልግ እነግርሃለሁ።»

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስኩ። ትንሽ ዘባርቄ ባልፈው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እዚህ ያደረሰኝ እንዲህ ዘባርቆ ማለፍ ነው።

የተነካኩ መሣሪያዎች የሚታጠቡበት ሲንክ ላይ አንድ ምስማር አለ። ምስማሩ ላይ ወፍራም የጎማ ጓንት ይንጠለጠላል፤ አረንጓዴ፣ ቁጥር ሰባት፣ የኛማል። ለታካሚ የምናደርገው ስሱ ጓንት ሹል ነገር አይመልስም፤ መሣሪያ የሚታጠበው በወፍራሙ ብቻ ነው። የቤቱ ሕግ ነው፤ ሕጉን ያወጣችውም እሷ ናት።

አንድ ቅዳሜ ከወንዙ ዳር ትልቅ አምባዛ ገዛሁ። አማራት ሰፈር የሚኖሩ ሦስት ያገሬ ልጆችን ምሳ ጠርቻለሁ። አምባዛ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ክንፉ ሥር ያለው እሾህ ከዚህ በፊት ወግቶኝ ለአንድ ሳምንት እጄን ይዤ አቃስቻለሁ። ምን አደረግሁ? አረንጓዴውን ጓንት ከምስማሩ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለኛማል እንደምዋሰው ብቻ ነገርኳት። «ሰኞ ጠዋት ምስማሩ ላይ ይሁን» አለችኝ። «ይሆናል» አልኩ። ዓሣው ጣፈጠ። እጄን ምንም አልወጋኝም።

ሰኞ ጓንቱን ቤት ረስቼው መጣሁ።

ሰኞ ደግሞ ወረፋው እስከ መንገድ ነው። ትሪዎቹ ሲንኩ አጠገብ ተከምረዋል፤ የታጠበ መሣሪያ አልቋል። ኛማል ምስማሩን አየች፣ እኔን አየች።

«ጓንቴስ?»

«ቡክራ አመጣዋለሁ።»

«ነገ ነው የማጥበው እንግዲያው።»

«ኧረ ባክሽ ኛማል፣ ሰው እያለቀሰ ነው! አንዴ በስሱ እጠቢው። ምን ትሆኛለሽ?»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። እሷ ወደ ወረፋው ዞር አለች፤ ከውጭ አንድ ሕፃን ያለቅሳል። ከዚያ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ሕግ ጣሰች፤ ያስጣስኳት እኔ ነኝ።

ጫፉ እንደ መርፌ የቀጠነው መመርመሪያ ስሱን ጓንት በስቶ ጣቷ ውስጥ ገባ። አልጮኸችም። ጓንቱን እንደ ወትሮው ገልብጣ አወለቀች፤ ውሃውን ከፍታ ጣቷን ከሥሩ ያዘች፤ በሳሙና አጠበች፤ አልጨመቀችውም። ብዙ ቆየች። ያን ቀን ግን ጣቶቿን ሰላም አላለችም።

የተወጋ ሰው ሪፖርት ያደርጋል፤ ይህም የእሷ ሕግ ነው። የክሊኒኩ ባለቤት ያገሬ ልጅ የሆነ ወጣት ሐኪም ነው፤ ዶክተር እንለዋለን። የአደጋ መዝገቡን ዘረጋና «ወፍራሙን ጓንት ለምን አላደረግሽም?» ብሎ ጠየቃት። እኔ ከጎኗ ቆሜያለሁ። እሷ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ዶክተሩ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አስጠንቅቆኝ ነበር፤ ሦስተኛው ወደ አገርህ ግባ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት «አፍህን ክፈት» እያልኩ ነው፤ ያን ቀን የራሴን መክፈት አቃተኝ። ዶክተሩ በእንግሊዝኛ ጻፈ። መንስኤ፦ የሠራተኛዋ ቸልተኝነት።

ቸልተኝነት። ኛማል።

በማግሥቱ ደሟ ተመረመረ። ከሦስት ቀን በኋላ ከክሊኒኩ ጀርባ፣ የውሃ ታንከሩ ጥላ ሥር፣ ጠራችኝ። ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ደሟ ውስጥ ተገኝቷል። ባዶ ጀሪካን ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተነስ» አለችኝ። «አትኩራ። ያንተ ጓንት አይደለም። ትናንት የተወጋ ሰው ዛሬ ደሙ ላይ አይታይበትም። ይሄ አብሮኝ የኖረ ነው፤ መወጋቴ ያጋለጠው እንጂ ያመጣው አይደለም።»

«ከየት ነው ታዲያ?»

በምላሷ ክፍተቷን ነካች። ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ሕፃን ሳለች፣ አንድ ጠዋት፣ ሰባት ልጆች ተሰልፈው፣ በአንድ ስለት፣ በአንድ ሰው እጅ። ሰውዬው እጁን አንድ ጊዜ በቅል ውሃ ተለቃለቀ፤ የተለቃለቀው ከሰባተኛው ልጅ በኋላ ነው። «ደግ ሰው ነበር» አለች። «ከእያንዳንዳችን ጋር ይቀልድ ነበር። ስለ ውሃው ማንም አልነገረውም። እዚያ ይሁን ሌላ ቦታ ማወቅ አይቻልም፤ ከእናትም ይመጣል። ግን እኔ ከዚያ በኋላ ሰው ሲመጣ ፊቱን ሳይሆን እጁን ነው የማየው።»

ከዚያ ሁለቱን እጆቿን አንስታ ለራሷ አሳየቻቸው። ፊቱን፣ ጀርባውን።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ እጄን ከሰው እጠብቅ ነበር» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ሰውን ከእጄ እጠብቃለሁ።»

ዶክተሩ ግን ፈራ። ወሬው ቢወጣ ታካሚ ይሸሻል ብሎ ነው። ከወንበሩ አጠገብ አንስቶ ካርድ ክፍል አስቀመጣት። ደብዳቤም ሰጣት፤ ምክንያቱን ከመዝገቡ ገልብጦ። እሷ በሁላችን ፊት አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። «በዚህ ቤት የተመረመረ እጅ የእኔ ብቻ ነው። የእናንተን ማን ያውቃል?»

በሳምንቱ ሁላችንም ተመረመርን፤ ክትባቱንም ተወጋን። ሦስት መርፌ ነው። እኔ ሰው ስወጋ የኖርኩ፣ መርፌ ሳይ ላብ የሚያጠምቀኝ ሰው ነኝ። ሦስቱንም ጊዜ ክንዴን ይዛ ያስወጋችኝ እሷ ናት። «ዓይንህን ጨፍንና አውራ ጣትህን ጠይቀው» ትለኛለች። «ደህና ነኝ ካለህ አንተም ደህና ነህ።»

ካርድ ክፍል ሆናም አልተወችንም። በክፍሉ መስታወት በኩል እጃችንን ታያለች። ጓንት አድርጌ በኮሪደሩ ካለፍኩ በስክሪብቶዋ መስታወቱን ታንኳኳለች። አረንጓዴውን ጓንት በተወጋች ማግሥት ይዤላት መጥቼ ነበር። አሽትታ መለሰችልኝ። «ዓሣ የነካ ጓንት ወደ ሲንኬ አይመለስም። አዲስ ግዛልኝ። አረንጓዴ፣ ቁጥር ሰባት።» ክሊኒኩ ሌላ ገዛ፤ እሷም ሲንኩ አጠገብ አልነበረችም፤ ግን አልረሳችውም። በየጊዜው በመስታወቱ ቀዳዳ «ጓንቴስ?» ትለኛለች። «ቡክራ» እላታለሁ። «ያንተ ቡክራ አያልቅም» ብላ በዚያ ክፍተቷ ትስቃለች። ሦስት ዓመት እንዲህ ተጫወትን። ለእኔ ቀልድ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ልናገር የሚገባኝን እንድናገር በሩን የምትከፍትልኝ በዚያ ይመስለኛል። እኔ በየጊዜው «ቡክራ» ብዬ መልሼ እዘጋዋለሁ።

የጉበቷ ኪኒን ከካምፓላ ነው የሚመጣላት፤ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ መንገድ ላይ ይቀራል። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዓይኗ ቢጫ ሆነ፤ እጇ ቀጥኖ ሆዷ አበጠ። ሥራ አቆመች።

የዛሬ ሁለት ሳምንት አትላባራ ሄጄ ጠየቅኋት። እንጀራ እናቷ ምግብ አቀረበች። ኛማል ቀና ብላ ውሃ ጠየቀች፤ እንኳን ለመታጠብ ለመቀመጥም አቅም አልነበራትም። ማስታጠቢያውን ተቀበልኩና አጠገቧ ተንበረከክሁ። እነዚያን ረጃጅም ጣቶች በሳሙና ያዝኳቸው። ቆዳዋ ድኗል፤ ስንጥቁ ሁሉ ገጥሟል፤ ከታጠበች ቆይታለችና። ከትንሿ ጀመርኩ። «ኢታ ኬፍ? ኩወይስ? ናስ በይት ኬፍ?» እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። አራቱን ጨረስኩ። አውራ ጣቷን በመዳፌ ጨብጬ አሽከረከርኩት፤ ረጅም ጊዜ ጠየቅሁት።

«ተምረሃል ማለት ነው» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እንግዲህ ዛሬ ጠዋት ማንጎው ሥር ቆሜያለሁ፤ አባቷ እጄን ይዘዋል፤ እጄ ላይ ጓንት አለ። ላወልቀው ስጣደፍ ያዝ አደረጉኝ።

«ተወው» አሉ። የጋምቤላ ገበያ ያስተማራቸው አማርኛ ነው፤ አንቱ የሚባል አያውቅም። «እሷም ከሥራ ስትመጣ እጇ ይሄን ይሸት ነበር።»

ከዚያ በሌላ እጃቸው ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡ። ዶክተሩ የሰጣት ደብዳቤ ነው።

«እንግሊዝኛ ነው። የጎረቤት ሰው አነበበልኝ። ልጅህ ቸልተኛ ናት ይላል። እሷን ስጠይቃት ትስቃለች እንጂ አትናገርም። ከሰዓት እንቀብራታለን። አባት ቆሞ ስለ ልጁ ይናገራል፤ ወጋችን ነው። አንተ አብረሃት ሠርተሃል። ይሄ ወረቀት እውነት ነው? ምን ብዬ ልናገር?»

የተደረደሩት ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ።

«ውሸት ነው» አልኩ። «ጓንቱን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለሰኞ አመጣለሁ ብዬ ረሳሁት። እሷ ነገ ልጠብ ስትል፣ ዛሬ በስሱ እጠቢ ያልኳትም እኔ ነኝ። ሲጻፍ አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።»

«ጓንቱን ለምን ወሰድከው?»

«ለዓሣ።»

«ለዓሣ?»

«እሾሁ እንዳይወጋኝ።»

«ምን ዓሣ?»

«አምባዛ።»

ሽማግሌው ይመቱኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመቱኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«እሷ ታውቅ ነበር፤ ግን አልተናገረችም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ።

«አልተናገረችም።»

ደብዳቤውን ገልብጠው ባዶውን ጀርባ ሰጡኝ። «ጻፈው» አሉ። «ወረቀት የተናገረውን ወረቀት ይመልሰው።»

ከጎናቸው ያለው ሰው ስክሪብቶ ዘረጋልኝ። ልቀበል እጄን ሰደድኩና ቆምኩ። በጓንት እጅ ስክሪብቶ አይያዝም። በአንጓው ቆንጥጬ ገለበጥኩት፤ የውጩ ወደ ውስጥ ገባ። ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩት። በባዶ እጄ፣ በአማርኛ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጻፍኩ። አራት መስመር ነው። «አንብበው» አሉኝ። ቆሜ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ሽማግሌው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ቋንቋቸው እየተረጎሙልኝ፣ አነበብኩት። ነገ ይህንኑ በዶክተሩ መዝገብ ላይ እጽፈዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ይኑረኝ አይኑረኝ አላውቅም።

ስጨርስ ወረቀቱን ተቀብለው በላስቲኩ ጠቀለሉትና ኪሳቸው መለሱት። ከዚያ እጃቸውን እንደገና ዘረጉልኝ። አሁን በባዶ እጄ ጨበጥኳቸው። አውራ ጣታቸው የእኔን ሸፈነው። ወደ ወንበሬ ልሄድ ስል አልለቀቁኝም።

«ጓንቱንስ መለስክላት?»

«አሮጌውን አልተቀበለችኝም። አዲስ ግዛ ብላኝ ነበር።»

«ገዛህ?»

«አልገዛሁም። ቡክራ ስላት ኖርኩ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ፊታቸው የልጃቸውን መሰለ።

«እንግዲያው አለብህ» አሉኝ።

አለብኝ። አንድ ጥንድ፣ አረንጓዴ፣ ቁጥር ሰባት።